የህንድ ነገሥታት ውርስ እስከ ቦረና ቆላ

መጽሐፈ አስቴር የንጉሥ አርጤክስስን ግዛት ስፋት ሲያመለክት በአንደኛው ዳርቻ ህንድን፣ በሌላኛው ዳርቻ ኢትዮጵያን ስለሚጠቅስ፣ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደገ አንባቢ ሁለቱን አገሮች የሚያስባቸው እንደ ዓለም ሁለት ጫፎች አድርጎ ነው። ነገር ግን በዳዋና በገናሌ ወንዞች መካከል በምትገኘው በነጌሌ ቦረና፣ ወይም በያቤሎ፣ በዱብሉቅና በሞያሌ የከብት ገበያ የቆመ ሰው፣ በፊቱ የተሰለፈውን ባለ ሻኛ ሰንጋ አስተውሎ ቢመለከት፣ ያ ርቀት ከሚታሰበው ይልቅ ያጠረ መሆኑን ይረዳል፤ የዚያ ሰንጋ ሻኛ ጥንተ ዘሩ ከህንድ ምድር ነውና።

የህንድ ነገሥታት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ማን ማንን ገድሎ ነገሠ፣ የማንስ ግዛት እስከ የት ደረሰ በሚል ሐተታ ነው። ይህም አስፈላጊ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ዙፋንን የሚወርስ አንድ ሰው ብቻ ስለ ሆነ፣ ስለዚህም ዙፋን ሁሉ በወራሾች ጠብ ሲሰበር ስለሚታይ፣ የአንድን መንግሥት ትርፍ ለማወቅ የሚሻ ሰው መመርመር የሚገባው ያለ ዘውድና ያለ ቅብዐት ወደ ብዙ ሰው እጅ የገባውን ሥራ ነው። የእኛ አገር፣ በተለይም ደቡባዊው ቆላ፣ ለዚህ ምርመራ በቂ ምስክር አለው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከነገሥታቱም በፊት ይጀምራል። ባለ ሻኛው ከብት ለሰው የተገራው ከዛሬ 8000 ዓመት ገደማ በፊት በኢንዱስ ሸለቆ አካባቢ፣ ዛሬ ፓኪስታን በምትባለው አገር ሲሆን፣ ከልደተ ክርስቶስ 2500 ዓመት ያህል በፊት በዚያው ወንዝ ዳር የለሙት የሐራፓና የሞሄንጆ ዳሮ ከተሞች የዚህን በሬ ምስል በድንጋይ ማኅተሞቻቸው ላይ ቀርጸውታል። የአፍሪካ የጥንት ከብት ግን ሻኛ አልነበረውም። በህንድ ውቅያኖስ የሚመላለሱ መርከበኞች የእስያን ኮርማ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እያሻገሩ፣ ይልቁንም ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ ዘሩ በብዛት እየተቀላቀለ ስለ ሄደ፣ የዘረ መል ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት የቦረና ከብት በአባቱ ወገን ከህንድ፣ በእናቱ ወገን ከአፍሪካ የተወለደ ሆነ። ቦረናውም ይህን ድቅል ዘር ለብዙ ትውልድ እየመረጠ፣ ሐሩርን የሚታገሥና ከሣር እስከ ኤላ፣ ማለት እስከ ጥልቁ የውኃ ጕድጓድ፣ ረጅም መንገድ የሚመላለስ አድርጎ ስላሳደገው፣ ዛሬ በእርሱ ስም የሚጠራው ዝርያ ከኬንያ አልፎ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ይረባል። ብድሩም ሳይመለስ አልቀረም፤ ማሽላና ዳጉሳ ከአፍሪካ ወደ ህንድ በጥንት ዘመን ተሻግረው፣ የኮንሶ ገበሬ በድንጋይ እርከኑ ላይ የሚዘራው ማሽላ የደካን አምባ እህል ሆነ፤ ዳጉሳም እስከ ዛሬ የካርናታካ ገበሬ ዋና ምግብ ነው። ይህን ልውውጥ ያዘዘ ንጉሥ፣ ያስፈጸመም ሠራዊት የለም።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው ታላቅ መንግሥት ተነሣ። ቻንድራጉፕታ ማውርያ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ321 ገደማ በጋንጌስ ወንዝ ዳር በፓታሊፑትራ ነግሦ፣ ከእስክንድር አልጋ ወራሾች አንዱ ከነበረው ከሴሌውኮስ ጋር ተዋግቶ ሲታረቅ፣ ለእርሱ 500 ዝሆን ሰጥቶ የምዕራቡን አውራጃዎች በለውጡ ተረከበ። ይህ ውል በሩቅ የተፈጸመ ቢመስልም ወሬው እስከ ባሕራችን ጠረፍ የደረሰ ነበር፤ የህንድ ዝሆን በባላንጣቸው እጅ መግባቱ ያሳሰባቸው የግብፅ በጥሊሞሳውያን፣ የሚመጥን ዝሆን ፍለጋ አዳኞቻቸውን በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳር ማሰማራት ግድ ሆነባቸው፤ በጥሊሞስ ሣልሳዊ በአዱሊስ በተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ የኢትዮጵያን ዝሆኖች ለጦርነት እንዳሠለጠነ የመሰከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የቻንድራጉፕታ የልጅ ልጅ አሾካ ከልደተ ክርስቶስ በፊት ከ268 እስከ 232 ገደማ ሲነግሥ፣ በነገሠ በስምንተኛው ዓመት ካሊንጋ የተባለውን የምሥራቅ ጠረፍ አገር ወጋ። ራሱ በዓለት ላይ ባስጻፈው ቃል በዚያ ጦርነት 100,000 ሰው እንደ ተገደለና 150,000 እንደ ተማረከ ከገለጸ በኋላ፣ በሠራው ሥራ መጸጸቱን ለሕዝቡ ሁሉ አሳወቀ፤ ድል አድራጊ ንጉሥ በድሉ ላይ ንስሓውን በአደባባይ ያስቀረጸበት እንዲህ ያለ ምሳሌ በጥንቱ ዓለም እምብዛም አይገኝም። ከዚያ ወዲህ ያወጣቸው አዋጆች ስለ ሃይማኖቶች መከባበር፣ ስለ ሰውና ስለ እንስሳ መድኃኒት፣ በየመንገዱ ዳር ዛፍ ስለ መትከልና ጕድጓድ ስለ ማስቆፈር የሚናገሩ ነበሩ። ከጥልቅ ኤላ ውኃ እየቀዳ ከብቱን የሚያጠጣ የቦረና ሰው፣ ጕድጓድ ማስቆፈርን ከመንግሥት ሥራ የቈጠረን ንጉሥ አእምሮ ለመረዳት ተርጓሚ አያሻውም።

ነገር ግን አሾካ ከሞተ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ፣ በ185 ገደማ፣ የሥርወ መንግሥቱ የመጨረሻ ንጉሥ ብሪሐድራታ በገዛ የጦር አዛዡ በፑሽያሚትራ እጅ ተገደለ። አዋጆቹ የተጻፉበት ፊደልም በጊዜ ርዝመት ተረስቶ፣ ጀምስ ፕሪንሴፕ የተባለ እንግሊዛዊ በ1837 እስኪያነበው ድረስ ዓለቱ ዝም ብሎ ቆየ። ዛሬ ከአሾካ ዓምድ የተወሰዱት አንበሶች የህንድ ሪፐብሊክ ዓርማ፣ መንኰራኵሩም የሰንደቅ ዓላማዋ ምልክት ሆነዋል፤ ይህን ያደረገው ግን የአሾካ ዘር ሳይሆን፣ በ1947 ነጻነቱን ያገኘ ሕዝብ ነው።

አሾካ በመልእክተኞች ያስፋፋው የቡድሃ ትምህርት በሌላ መንገድ ወደ እኛ ገዳማት ገብቷል። የቡድሃ የሕይወት ታሪክ፣ ማለት ሕመምንና ሞትን እንዳያይ በተድላ ቤተ መንግሥት ተከልሎ ያደገው የንጉሥ ልጅ ዓለምን ንቆ የመመነኑ ዜና፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሸጋገር የክርስቲያን ገድል መልክ ይዞ በዐረብኛ ተጻፈ፤ በ1553 በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እጨጌ ዕንባቆም ወደ ግእዝ መልሰው መጽሐፈ በርለዓም ወይዋስፍ አደረጉት። እንግዲህ የኢትዮጵያ መነኮሳት ስለ ምናኔ ክብር ሲያነቡ፣ ጥንተ ነገሩ ከህንድ የመጣውን ታሪክ እንደ ራሳቸው ቆጥረው ለብዙ ዘመን ተጠቅመውበታል።

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ምዕት ዓመት የተጻፈ አንድ የግሪክ የባሕር መምሪያ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከህንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይገባ እንደ ነበር፣ ከአክሱም ግዛትም የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የዔሊ ቅርፊት ይወጣ እንደ ነበር ይዘረዝራል። በዚሁ ዘመን በሰሜን ህንድ የገነነው የኩሻን መንግሥት፣ ይልቁንም በካኒሽካ ጊዜ፣ በቻይናና በሮም መካከል ያለውን የንግድ በር የያዘ ስለ ነበር ወርቁ ሩቅ ይጓዝ ነበር። ለዚህም ማስረጃው በ1940 በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ከመቶ በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች መገኘታቸው ነው። ከቪማ ካድፊሴስ እስከ ቫሱዴቫ ያሉት ነገሥታት መልክ የተቀረጸባቸው እነዚህ ሳንቲሞች ከገዳሙ ምሥረታ በፊት የታተሙ ሲሆኑ፣ ያ ሥርወ መንግሥት ከጠፋ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ በሐበሻ አምባ ላይ ተጠብቀው ተገኙ።

ከ320 እስከ 550 ገደማ የቆየው የጉፕታ መንግሥት በስፋት ከማውርያ ያነሰ ቢሆንም፣ በጥበብ የተወው ውርስ ከሁሉ ይበልጣል። አርያብሃታ በ499 ስለ ከዋክብት አካሄድና ስለ ስሌት መጽሐፉን ሲደርስ፣ ብራህማጉፕታም መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ በ628 ባዶ ራሱ እንደ ቍጥር ተቈጥሮ እንዴት እንደሚደመርና እንደሚቀነስ ሕግ ሲያወጣ፣ በአሥር ምልክት ብቻ ማናቸውንም ብዛት ለመጻፍ የሚያስችለው ሥርዓት ተደላደለ። የግእዝ ቍጥር ለአንድ እስከ ዘጠኝ፣ ለአሥር እስከ ዘጠናና ለመቶ የየራሱ ምልክት ያለው፣ ባዶ ግን የሌለው ስለ ሆነ፣ ለምዕራፍና ለባሕረ ሐሳብ የተዋበ ቢሆንም ረጅም ሒሳብ በብራና ላይ ለመሥራት አይመችም። የህንዱ ሥርዓት በባግዳድ በአል ኽዋሪዝሚ በኩል ለዐረቦች፣ ከዐረቦች ለአውሮፓ፣ ከዚያም ለዓለም ሁሉ ተላለፈ፤ በሞያሌ ድንበር ላይ ብርን በሽልንግ የሚመነዝር ነጋዴ በየቀኑ የሚጽፈው ይህንኑ ነው።

የእግረኛ፣ የፈረሰኛ፣ የዝሆንና የሠረገላ ጦር ምሳሌ የሆነው የሰንጠረዥ ጨዋታም የተፈለሰፈው በዚያው ዘመን ገደማ ነው። በፋርስና በዐረብ አገር አልፎ ወደ ኢትዮጵያ መኳንንት አዳራሽ ሲገባ ግን የራሱን ጠባይ ያዘ፤ ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን እንደ ፈቀዱ የሚያሰልፉበት ወረራ የተባለው ሕግ በሌላ አገር አይገኝም። የጉፕታ ነገሥታት በመካከለኛው እስያ ዘላኖች ወረራና በአውራጃ ገዥዎች ማፈንገጥ ጠፍተዋል፤ ቍጥሩና ጨዋታው ግን ገና አልጠፉም።

በደቡብ ህንድ የተነሣው የቾላ መንግሥት ኃይሉን በባሕር ላይ አደረገ። ራጃራጃ በ1010 በታንጃቩር ታላቁን የድንጋይ መቅደስ አስፈጸመ፤ ልጁ ራጄንድራም በ1025 መርከቦቹን እስከ ሱማትራ ልኮ የስሪቪጃያን ወደቦች ወጋ። ባሕሩ በነጋዴ መርከብ የተጨናነቀበት፣ ባለ ሻኛው ከብት በምሥራቅ አፍሪካ የበዛበትም ዘመን ይህ ነው። ከቾላ በኋላ በዚያው ደቡብ በ1336 የተመሠረተው ቪጃያናጋር ሁለት መቶ ዓመት በብልጽግና ኖሮ፣ በ1565 በታሊኮታ ጦርነት የደካን ሱልጣኖች ተባብረው አፈረሱት፤ ከነዚያ ሱልጣኖች አንዱ የአሕመድናጋር ገዥ ነበረ፤ የኢትዮጵያዊው የማሊክ አምባር ታሪክም የሚጀምረው በእርሱ ቤት ነው።

ሐበሾች ወደ ህንድ ቤተ መንግሥት መግባት የጀመሩት ግን ከዚያ ቀደም ብለው ነው። በ1236 በዴልሂ የነገሠችው ሴት ሱልጣን ራዚያ፣ የፈረስ ባልደራሷን ሐበሻውን ጀማል አድ ዲን ያቁትን ከፍ ስላደረገች የቱርክ መኳንንት አምፀው በ1240 እርሱን ገደሉት፤ እርሷም ብዙ ሳትቆይ በዚያው ዓመት ጠፋች። በቤንጋል ደግሞ ሱልጣን ባርባክ ሻህ ለጠባቂነት ያስገዛቸው ሐበሻ ባሮች በርክተው፣ በ1487 ጌቶቻቸውን አስወግደው ራሳቸው ነገሡ፤ ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ አንዱ ሌላውን እየገደለ ዙፋኑን ስለ ተቀባበሉት፣ በመጨረሻ ተሸንፈው ከአገሩ ተባረሩ። ከእነርሱ አንዱ ሰይፉዲን ፊሩዝ በጋውር ከተማ ያሠራው ረጅም ግንብ ዛሬም ቆሟል።

ማሊክ አምባር በ1548 ገደማ ሲወለድ ስሙ ቻፑ ነበረ። ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ከምባታ ተወለደ ሲሉ፣ ሌሎች ወደ ሐረር ያደርጉታል። አገሩ በግራኝ ጦርነት ከተናወጠ ገና ጥቂት ዓመት ስለ ነበረ፣ የደቡብ ልጆች እየተነጠቁ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች የሚነዱበት መከራ የበዛ ዘመን ነበረ፤ ቻፑም ከወገኑ ተለይቶ በየመን በኩል ወደ ባግዳድ ተሸጠ። በዚያ የገዛው ነጋዴ ብልህነቱን አይቶ ፊደልና ሒሳብ አስተማረው፣ አምባርም አለው። ቀጥሎ የገዛው ቸንጊዝ ኻን የአሕመድናጋር ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን፣ እርሱ ራሱ በባርነት የመጣ ሐበሻ ነበር፤ አምባርም የመንግሥት አስተዳደርን ከዚህ የአገሩ ልጅ ተምሮ፣ ጌታው ሲሞት ነጻ ወጣ፤ በቢጃፑር በወታደርነት አገልግሎም ማሊክ የሚለውን ማዕርግ አገኘ።

በ1600 በሰሜን ህንድ የገነነው የሞጎል መንግሥት ንጉሠ ነገሥት የአክባር ሠራዊት የአሕመድናጋርን ምሽግ ሲይዝ፣ መንግሥቱ ያበቃለት መስሎ ነበር። አምባር ግን ከነገሥታቱ ዘር አንድ ወጣት አንግሦ፣ ልጁንም ድሮለት፣ ራሱ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ለሃያ ስድስት ዓመት አገሩን ገዛ። በቍጥር የሚበልጠውን የሞጎል ጦር በሜዳ ከመግጠም ይልቅ፣ ቀላል ፈረሰኞችን እያሰማራ ስንቁን ይቈርጥ፣ በሌሊት ይደርስበት፣ በተራራ መካከል ያደክመው ነበር። በ1610 ኻድኪ የተባለች ከተማ ቈረቈረ፤ ከምድር በታች በተዘረጋ ቦይም ውኃ አስገባላት። መሬቱን አስለክቶ ግብሩን በምርቱ መጠን አደረገ። የአክባር ልጅ ጃሃንጊር እርሱን በጦር ሜዳ ለማሸነፍ ስላልቻለ፣ በ1616 ገደማ ሠዓሊው አቡል ሐሰን ንጉሡን በአምባር የተቈረጠ ራስ ላይ ቀስት ሲወረውር አድርጎ ሣለለት፤ ነገሩ በሥዕል እንጂ በእውነት አልሆነም። አምባር በ1624 በባትቫዲ የሞጎልንና የቢጃፑርን ሠራዊት በአንድነት ድል ነሥቶ፣ በ1626 በሸመገለ ዕድሜው በሰላም ዐረፈ፤ መቃብሩ በኹልዳባድ ይታያል።

ልጁ ፈትሕ ኻን የአባቱን ሥልጣን ቢወርስም ጥበቡን አልወረሰምና፣ ሰባት ዓመት ያህል ቈይቶ በ1633 የዳውላታባድን ምሽግ ለሞጎሎች አስረከበ። አምባር የቈረቈራትን ኻድኪንም የያዛት ሁሉ ስሟን ለወጠው፤ ፈትሕ ኻን በራሱ ስም፣ አውራንግዜብ በራሱ ስም ጠራት፤ በ2023 ደግሞ አራተኛ ስም ወጣላት። የአምባርን የደፈጣ ውጊያ በእርግጥ የወረሱት በሥሩ ያገለገሉት የማራታ መኳንንት ናቸው፤ ከነርሱ የአንዱ የሻህጂ ልጅ ሺቫጂ በዚያው ስልት ሞጎሎችን ተዋግቶ በ1674 የራሱን ዘውድ ደፋ። ከደቡብ ኢትዮጵያ የተነጠቀ ልጅ ያለ ዘውድ የሠራው ሥራ፣ ከሥጋ ልጁ ይልቅ በሌላ ሕዝብ እጅ ፍሬ አፈራ።

ሞጎሎችም ከኢትዮጵያ ጋር በሰላም ተላልከዋል። በ1621 ከሐበሻ የመጣ የሜዳ አህያ ለጃሃንጊር በቀረበለት ጊዜ፣ መስመሩ በቀለም የተሠራ መስሎት አስመርምሮ፣ የእግዚአብሔር ሥራ መሆኑን ሲረዳ ሠዓሊው ማንሱር እንዲሥለው አዘዘ፤ ያቤሎ አካባቢ ላለ ሰው የሜዳ አህያ በሣር መካከል የሚያየው አውሬ ነውና በዚህ አድናቆት ፈገግ ሊል ይችላል። ዐፄ ፋሲልም ሙራድ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ የዝሆን ጥርስና ዝባድ አስይዘው ወደ አውራንግዜብ ልከውታል፤ የፈረንሳዊው ሐኪም የበርንዬ መጽሐፍ የዚህን መልእክት ዜና ይዟል። ከዚያ ቀደም በ1648 ጎንደርን የጎበኘው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚ ደግሞ የፋሲልን ግንብ የሠራው ህንዳዊ ግንበኛ መሆኑን ጽፏል። ይሁን እንጂ ያ ኃያል የሞጎል መንግሥት አልጋ የመውረሻ ሥርዓት ስላልነበረው፣ አውራንግዜብ ወንድሞቹን አጥፍቶ፣ ታጅ ማሃልን ያሠራውን አባቱን ሻህ ጃሃንን በ1658 አስሮ ነገሠ፤ እርሱ በ1707 ሲሞትም ልጆቹ ያንኑ ደገሙት። በዚህ ሁሉ መካከል፣ በምዕራብ ህንድ ጠረፍ በጃንጂራ ደሴት የመሸጉት ሲዲዎች የተባሉ የሐበሻ ተወላጆች ለማራታ ሳይንበረከኩ እስከ 1948 ድረስ አገራቸውን ገዙ፤ በጉጃራትና በካርናታካም ዘሮቻቸው ዛሬ ይገኛሉ።

እንግዲህ የህንድ መንግሥታት ብዙውን ጊዜ የተሸነፉት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ንጉሡ ሲሞት ሥልጣኑ በማን እጅ ይገባል? በሞጎሎች ዘንድ በዚህ ጥያቄ ወንድም በወንድም ላይ ሰይፍ ሲመዝ፣ በዚያው ዘመን በዳዋ ማዶና በዲሬ ሜዳ የቦረና ኦሮሞ በገዳ ሥርዓት ሥልጣንን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው በሰላም ያስተላልፍ ነበር። ቦረናዎች ከሰባ የሚበልጡ አባ ገዳዎችን ስም በቃል ሲዘረዝሩ ዘመኑ ከአምስት መቶ ዓመት ይበልጣል፤ በጉሚ ገዮ ጉባኤም በየስምንት ዓመቱ ተሰብስበው ሕጋቸውን ይመረምራሉ። ዩኔስኮ ይህን ሥርዓት በ2016 ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። ገዳ ዘመቻም ግጭትም የነበረበት ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ከኃጢአት የነጻ አድርጎ ማቅረብ አይገባም፤ ከአሾካ ዓለት ወይም ከታንጃቩር መቅደስ ጋር የሚወዳደር ሕንፃም አላቆመም። ነገር ግን ሥልጣንን የአንድ ቤት ንብረት ሳያደርግ የብዙዎች አደራ በማድረጉ፣ ታላላቆቹ የህንድ ነገሥታት ሁሉ ያልመለሱትን ጥያቄ መልሷል።

በነጌሌ ወይም በሞያሌ ትምህርት ቤት የህንድን ታሪክ የሚማር ወጣት የነገሥታቱን ስም ዝርዝር ማጥናቱ ይጠቅመዋል፤ ይልቁንም ስለ እያንዳንዱ ንጉሥ ሁለት ነገር ቢጠይቅ የበለጠ ይጠቅመዋል፤ ምን ሠራ? ከሞተ በኋላስ ያን ሥራ ማን ይዞት ቀረ? በዚህ መስፈሪያ ሲለኩ ብዙ ግዛት የያዙት ትንሽ ሆነው፣ ጕድጓድ ያስቆፈረው፣ ባዶን እንደ ቍጥር የቈጠረው፣ ለከተማ ውኃ ያስገባውም ትልቅ ሆነው ይገኛሉ። ወጣቱ ራሱም የጉፕታን ቍጥር በደብተሩ የሚጽፍ፣ የኢንዱስን ከብት በሜዳው የሚጠብቅ እንደ መሆኑ መጠን፣ ያ ታሪክ የሌላ ሕዝብ ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍበት ምክንያት የለውም።